ከበሮው ሳይነሣ

ለጥምቀት ጎንደር የመጣ እንግዳ ስልኩን ቢያሳያችሁ ያው ነው፤ የአፄ ፋሲል መዋኛ፣ ታቦት የሚያጅበው ሕዝብ፣ ከዚያ ካህናቱ ጥምጣማቸውን አሥረው፣ ከበሮው እየተመታ ጸናጽሉ እየተንሿሿ የሚያሸበሽቡበት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ። ቪዲዮው ክፋት የለውም። እኔም ለልጆቼ ልኬ አውቃለሁ። እንግዳው ግን «የጎንደርን ዝማሬ ሰማሁ» ሲል አላስችል ይለኛል። የሰማው መጨረሻውን ነው። ሠርግ ተጠርቶ ሙሽሮቹ መኪና ሲገቡ የደረሰ ሰው ድግሱን አየሁ ቢል ምን ትሉታላችሁ?

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ቤታችን የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተጠግቶ ስለተሠራ ከእናቴ ድምፅ ቀጥሎ የለየሁት የመቋሚያን ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ወደ አስኳላው ሄጄ የአማርኛ መምህር ሆኜ ኖርሁ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ሴት በመሆኔ ከሊቃውንቱ ጋር ቅኔ ማኅሌት ቆሜ አላውቅም። የማውቀውን ያወቅሁት በጆሮዬ ነው፤ ከሴቶች በር በኩል፣ ከግቢያችን ዋርካ ሥር፣ ሌሊት ከአልጋዬ ላይ ሆኜ። ውስጥ ገብቶ ከሚያገለግለው ይልቅ ዳር ቆሞ የሚሰማው አጥርቶ ይሰማል ብዬ ከአባቴ ጋር እከራከር ነበር። አንድም ቀን አልተስማሙልኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንደ ዘመናዊው ክፍል በክፍል አይደለም፤ ቤት በቤት ነው። ንባብ ቤት አለ፣ ልጅ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የሚደግምበት። ዜማ ቤት አለ፣ ቅኔ ቤት አለ፣ መጽሐፍ ቤት አለ። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ ምስክር የሚሰጥበት የታወቀ ደብር አለው። ድጓ የተማረ ሰው የት ተመሰከረልህ ሲባል ጋይንት ቤተልሔም ካለ ጥያቄው ያበቃል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ ነው። ቅዳሴ ከሆነ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ ይላል። አቋቋም ሲባል ደግሞ ጎንደር በዓታ ነው። ከሸዋም ይምጣ ከወሎ፣ ከትግራይም ይምጣ ከጎጃም፣ ተማሪው አገሩ ላይ የቻለውን ያህል ተምሮ ሲያበቃ ጎንደር ወጥቶ ካልተፈተነ «አቋቋም ያውቃል» ለማለት አፍ የሚፈታለት አልነበረም።

የሁሉም ምንጭ ቅዱስ ያሬድ ነው። አክሱም ተወልዶ፣ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ገብረ መስቀል ጊዜ ዜማውን እንደደረሰ፣ ዛፍ ላይ ወጥታ እየወደቀች በመጨረሻ ከጫፍ ከደረሰችው ትል ጽናትን እንደተማረ፣ ንጉሡ ዜማውን እየሰሙ በጦራቸው እግሩን ሲወጉት እንዳልታወቃቸው ያልሰማ ሰው የለምና አልደግመውም። ለኛ ለጎንደሮች የሚቀርበን ፍጻሜው ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች መጣ፤ እዚያው እያስተማረ ኖሮ እዚያው ተሰወረ። በዓሉ ግንቦት 11 ነው። የእናቴ ወገኖች የዳባት ሰዎች ናቸው። የደጋው ሰው ያሬድን እንደ ሩቅ ዘመን ጻድቅ ሳይሆን እንደ አገሩ ሰው ነው የሚጠራው። «ተራራው ላይ ነው ያለው» ይሉሃል፣ ትናንት እንዳዩት ሁሉ።

ያሬድ ሦስት የዜማ ዓይነት ሰጠ፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ምዕራፉ፣ ዝማሬውና መዋሥዕቱ በእነዚህ ይዜማሉ። ዜማ ቤት የሚማሩት ይህንን ነው። አቋቋም የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዜማውን የሚያውቅ ሰው አሁን ደግሞ ቆሞ፣ በእግሩ፣ በእጁ፣ በመቋሚያው፣ በጸናጽሉና በከበሮው እንዴት እንደሚያገለግለው ይማራል። አንድ ቃል ሳይለወጥ ስልቱ እየተለወጠ እንዴት እንደሚያድግ የሚማርበት ቤት ነው ማለት እችላለሁ።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንግባ። የበዓሉ ዋዜማ ማታ ይቆማል፤ ማኅሌቱ ግን ሌሊት ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፤ መካከሉ መቅደስ፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ የውጪው ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት። ሊቃውንቱ የሚቆሙት በዚህ በውጪው ክፍል፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ በሁለት ረድፍ ነው። ቀኝ አለ፣ ግራ አለ። የቀኙን ቀኝ ጌታው፣ የግራውን ግራ ጌታው ይመራል። መሪጌታው ከላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው መቋሚያውን በብብቱ ተደግፎ፣ ጸናጽሉን ይዞ ይቆማል። ሁለት ከበሮ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ማንም አይነካውም።

መልክዑ ይባላል፣ ዚቁ ይከተለዋል፣ ምልጣኑ ይመጣል። ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ እኔም ሁሉንም አልጨርሰውም። አንዱን ብቻ ልያዝ፤ እስመ ለዓለም የሚባለውን የድጓ ክፍል። መጀመሪያ በቁም ይባላል። ቁም ማለት ባዶ ድምፅ ነው። ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፣ ጭብጨባ የለ። ከአንደኛው ወገን አንድ ሰው ይመራል፤ ድምፁ ቀጭን ወይ ወፍራም፣ ያማረ ወይ የነቃ ሊሆን ይችላል፣ ማንም አይፈርድበትም። የሚፈረድበት ቃሉን የሳተ እንደሆነ ነው። እሱ አንዱን ቃል ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይጎትተዋል፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል፣ ከዚያ ማዶ ያሉት ይመልሱለታል። አንዲት መሥመር ለመጨረስ የሚወስደው ጊዜ አዲስ ሰው ያስጨንቃል። «አሁን ምን አለ? ቃሉ የት ደረሰ?» ትላላችሁ። ቃሉ ገና ሁለተኛው ፊደል ላይ ነው።

ከቁም በኋላ ዝማሜ ይመጣል። ያው ቃል ነው፤ ግን መቋሚያው ከብብት ወርዷል። ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ይመለሳል፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ በተወሰነለት ቦታ መሬት ይነካል። ሠላሳ አርባ ሰው ባንድ ጊዜ ጎንበስ ቀና ሲል ከሴቶች በር በኩል የሚታየው የነጠላ ጥለት ብቻ ነው፤ ወደዚህ ሲመጣ ወደዚያ ሲሄድ። ሊቃውንቱ በዚህ ውስጥ የጌታን መከራ ያዩበታል፤ ወዲያና ወዲህ መንገላታቱን።

አባቴ ዝማሜ ሲያስተምሩ ከግቢያችን ዋርካ ሥር ነበር። ተማሪዎቹ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ አንዳንዱ መቋሚያ ስለሌለው ዱላ ወይም የሸምበቆ ቁራጭ ይይዛል። አባቴ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ጨፍነውም ማን እንደሳተ ያውቃሉ። «አንተ የወገራው!» ይላሉ፤ «ቃሉ ሳይወርድ እጅህ ለምን ወረደ?» ልጁ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አሁንም ይስታል። ያን ጊዜ አባቴ ይነሡና ከኋላው ቆመው አንጓውን ይይዙታል። ንግግር የለም። ዜማውን በጉሮሯቸው እያጉረመረሙ የልጁን እጅ እሳቸው ያንቀሳቅሱታል፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ቆይ፣ አሁን ወደ ታች። አንድ ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረጉ በኋላ እጁን ይለቁትና ሄደው ይቀመጣሉ። ልጁ ብቻውን ይቀጥላል፤ እጁ ግን ከዚያ ወዲያ የራሱ ብቻ አይመስልም ነበር። የአባቴም መምህር አባቴን እንዲሁ ይዘው ነው ያስተማሩ። እኔ ማዶ ምጣድ እየጠበቅሁ ይህን ሳይ፣ ይህ ትምህርት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ የመጣ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ከዝማሜ ወደ መረግድ ነው። አሁን ከበሮው ይነሣል። የማኅሌት ከበሮ ከግንድ ተፈልፍሎ በቆዳ የተለጎመ ነው፤ አንዱ አፉ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ሰፊው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭን። በማንገቻው አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ለሊቃውንቱ ይህም ምሥጢር አለው፤ ሰፊው አፍ መለኮት፣ ጠባቡ ትስብእት ነው ይላሉ፤ በላዩ የሚለብሰው ጨርቅ ጌታ የተጠቀለለበት ጨርቅ፣ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር ነው። መረግድ ንዑስና ዐቢይ አለው፤ ዘገም ብሎ ጀምሮ እየበረታ ይሄዳል። ከዚያ ጽፋት ይገባል። ያን ጊዜ ፈጠን፣ ጠበቅ ይላል፤ እጅ ይጨበጨባል፤ ያ ከሁለት ሰዓት በፊት አንድ ፊደል ላይ ሲንከራተት የነበረ ቃል አሁን በአንድ ትንፋሽ ያልፋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገባችሁ። ቃሉ አንድ ነው፤ ከቁም እስከ ጽፋት አልተለወጠም። ቁሙን የሰማ ሰው ጽፋቱን ሲሰማ እያንዳንዱ ምት ምን ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ውስጡ አስቀድሞ ያዜመው ስለሆነ ከበሮው የሚመታው እሱ የሚያውቀውን ነው። ቁሙን ያልሰማ ሰው የሚሰማው ከበሮ ብቻ ነው። ከበሮ ደግሞ የትም አለ። ከዚያ በኋላ ወረቡና ቸብቸቦው ሲመጣ ሕዝቡ ሁሉ ይነሣል፤ እኛ ሴቶች እልልታውን እናቀልጠዋለን። ቪዲዮው የሚቀረጸው ያን ጊዜ ነው።

የዐቢይ ጾም ጊዜ ይህ ሁሉ ይለወጣል። ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ። ሁዳዴን ሙሉ የሚሰማው ድምፅና መቋሚያ ብቻ ነው፤ የሚዜመው ከጾመ ድጓው ነው። ለእኔ ጎንደርን ለመስማት ከጥምቀት የሁዳዴ እሑድ ይበልጣል። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህ ሁሉ ተጽፎ የለም ወይ ብሎ ነው። ተጽፏል። የያሬድ ዜማ ምልክት አለው። ስምንቱን ሁሉም ደብተራ ይቆጥራቸዋል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ሂደት። አንዱ ድምፁን ያዝ ይላል፣ አንዱ ከደረትህ አውጣው ይላል፣ አንዱ አንቀጥቅጠው፣ አንዱ ቁረጥ። እነዚህንም ከሕማማቱ ጋር ያያይዟቸዋል። ከነሱ ሌላ ደግሞ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ምልክቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ምልክት ከአንድ የታወቀ የድጓ ቃል የተቆረጠ ፊደል ነው። ትርጉሙ «ይህንን ቃል እዚያ እንዳዜምኸው አድርገህ አዚመው» ነው። ይህን የአጻጻፍ ሥርዓት ያወጡት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል፤ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. በነገሠው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአማራ ሳይንት ተድባበ ማርያም።

ጊዜውን ልብ በሉ። የግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሎ፣ መጻሕፍትን አጥፍቶ፣ መምህራንን ጨርሶ ገና ያለፈበት ጊዜ ነበር። ያልተጻፈ ነገር ከሰው ጋር እንደሚሞት ያዩ ሰዎች ናቸው ብዕር ያነሡት ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ቢሆንም የጻፉት ለማያውቅ ሰው አይደለም። ምልክቱ የሚያስታውሰው የተማረውን ነው፤ ያልተማረውን አያስተምረውም። በአውሮፓም መነኮሳት ከዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቃሉ ላይ የሚጽፉት ምልክት እንዲሁ ለማስታወሻ ብቻ የሚያገለግል ነበር። በአሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጊዶ የሚባል የአሬዞ መነኩሴ መሥመር አስምሮ ድምፁን በከፍታው ልክ ማስቀመጥ አስተማረ፤ ከዚያ ወዲህ ፈረንጅ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀት አንብቦ ያወጣል። የእኛዎቹ መሥመር አላሰመሩም። አባቴ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ መምህር ምን ሊሠራ?» አሉኝ። ያስቸገራቸው የጊዶ ሥራ ሳይሆን የመምህሩ መቅረት ነበር። ድጓን ራሱን ቢሆን ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር እያሉ በየቤቱ ለያይተው ነው የሚያዜሙት፤ መጽሐፉ አንድ፣ አፉ ሌላ። የጎንደር አቋቋምም ላይ ቤትና ታች ቤት አለው።

አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ምሁር ኬይ ካውፍማን ሸለማይ ከፒተር ጄፍሪ ጋር ሆና ይህን ዜማ ከምልክቱና ከቅጂው ጋር በሦስት ቅጽ አሳትማዋለች፤ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ወደ እኛ አገር የመጣችው ግን ለዚህ አልነበረም። በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ አምቦበር ነው የመጣችው፣ ቤተ እስራኤሎችን ፍለጋ። ያኔ በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃም በአምቦበርም፣ ቄሶቻቸው በግዕዝ ጸሎት ያዜሙ ነበር፤ ነጋሪትና ቃጭል ይዘው። ጥንታዊ የአይሁድ ዜማ አገኛለሁ ብላ የመጣች ምሁር ጆሮዋ ውስጥ የገባው ከክርስቲያን መነኮሳት ዜማ ጋር የተዛመደ ሆነባት፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ ጻፈች፤ ብዙም አከራከረ። እኛ ጎረቤቶቻቸው የነበርን ሰዎች ብዙም አልተደነቅንም። በአንድ ተራራ ሥር የኖረ ሰው ጉሮሮው ይመሳሰላል። ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው፤ ሲግድ የሚሉት በዓላቸው በ2008 እ.ኤ.አ. እዚያ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። አምቦበር ላይ ግን ያ ዜማ አይሰማም።

ስለ አለቃ ገብረ ሐና ሳላነሣ ብቀር የጎንደር ሰው አይደለሽም እባላለሁ። ቀልዳቸውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ አስተናጋጁም ሹፌሩም ያወራላቸዋል። ሰውየው ግን የፎገራ ተወላጅ፣ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። ጣና ላይ ሆነው ማዕበሉ ሲመላለስ፣ ደንገሉ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። «ከየት የመጣ ውዝዋዜ ነው» አሉ። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ደብረ ታቦር ወስዶ ተከለው፤ ከዚያ ወደ ሌላው አገር ተዛመተ። ስሙም ተክሌ ተብሎ ቀረ። ዛሬ በብዙ አድባራት የምታዩት ያ ማራኪ፣ ወዝወዝ ያለ ዝማሜ የተክሌ ነው። የጎንደሩ ቆፍጠን ያለ ነው፤ ትከሻ አያበዛም። እኔ የጎንደሩን እመርጣለሁ፤ አድሎ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የዚያን ጊዜ ሊቃውንት ተሳስተዋል ባይም ነኝ። ኮስታራ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ሰው ማዕበል አይቶ የሚጨምርበት ቦታ እንዳለው ተክሌ ምስክር ነው። አባቴ ጎንደሬ ሆነው ተክሌንም ያውቁ ነበር፤ ማታ ማታ በሩን ዘግተው ሲወዛወዙ በቀዳዳ አይቻቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ በምን ኖረ ቢባል፣ በመሬትና በቁራሽ ነው። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከቆረቆሯት ወዲህ ነገሥታቱ እየተቀዳደሙ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ «አርባ አራቱ ታቦት» የሚባለው ከዚያ መጣ። ለየደብሩ መሬት ተሰጠ፤ ደብተራው በሚያገለግልበት ሰሞን ልክ ከመሬቱ ይበላ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። ሊቃውንቱ ተበተኑ፤ ተመልሰው ግን አመድ ላይ ቆመው አስተማሩ። መሬቱ አልተወሰደም ነበርና የሚበላ ነገር አልታጣም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ የአባቴም የሰሞን መሬት አብሮ ሄደ። ለገበሬው የሚገባው ነበር፤ አባቴም በዚህ ቂም አልያዙም። ግን ከዚያ ወዲህ የመምህር ኑሮ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ በሚችላት ደመወዝ ሆነ። ደመወዟ ደግሞ ልጆቹን ወደ ሌላ ሥራ የምትገፋ ናት። እኔንም ጨምሮ።

ተማሪው ግን ያኔም ዛሬም የሚኖረው በአኮፋዳው ነው። ከወገራ፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ፣ ከደምቢያ የሚመጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጎጆ ቀልሶ ይማራል። ቀን ቀን እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ይመለሳል፤ ለታመመውና ለየኔታ ያካፍላል። የሰሜን ደጋ ብርድ በደበሎ አይቻልም። ውሻ የነከሰው ቁርጭምጭሚት ያልነበረው ተማሪ እኛ ቤት አልገባም፤ እናቴ በሞቀ ውሃና ጨው የምታጥበው የተማሪ እግር ነበር። ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚቆመውን በቃሉ ይዞ፣ የየበዓሉን ስልት ለይቶ፣ እጁን አስተካክሎ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጅበታል። ሞልተው የነበሩ ግቢዎች ዛሬ ጎጆው የሳሳባቸው መሆኑን በየጊዜው ሳልፍ አያለሁ። በስልክ ዜማ የሚማር ልጅ አለ፤ አይከፋም። እጁን የሚይዝለት ግን የለም።

ሌላ አንድ ቅሬታ ልጨምር፣ ድምፅ ማጉያ። በብዙ ደብር አሁን ማይክሮፎኑ አንድ ሰው አፍ ላይ ነው። ከተማው ሁሉ ይሰማዋል፤ የሚሰማው ግን አንድ ሰው ነው። የቀኙ ጥያቄ ይደርሳል፣ የግራው መልስ ይጠፋል። መቋሚያው መሬት ሲነካ የሚሰማው ያ ደረቅ ድምፅ ጨርሶ የለም። ማኅሌት የሁለት ወገን ነገር ነው፤ በአንድ አፍ ሲሆን ከሬዲዮ አይለይም። ማጉያው ይቅር አልልም፤ ርቀው ለሚኖሩ በሽተኞችና ሽማግሌዎች ውለታ ነው። ቢያንስ ግን ለግራውም አንድ ይግዙለት።

ጎንደር ከመጣችሁ ታኅሣሥ 3 በዓታ ትከብራለች፤ ኅዳር 21 ጽዮን ናት፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል። ከነዚህ አንዱን ምረጡ። ወፍራም ጋቢ ያዙ፤ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ሰው ሁሉ ሲነጋጋ ይመጣል፤ እናንተ በእኩለ ሌሊት ድረሱ፣ ከበሮዎቹ ገና መሬት ላይ እያሉ። ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉት። ከቀኝ የሚመራውን አንድ ሰው ምረጡና ቃሉን ከእሱ ጋር ተከተሉት። ግዕዝ ባታውቁም ይሁን፤ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ ማዶ ያለው ምን ብሎ እንደሚመልስለት ስሙ። ጠዋት ስትወጡ በር ላይ አኮፋዳ ያነገተ ልጅ ታገኛላችሁ። ባዶ እጃችሁን አትለፉት።